ኳሷ ፍየሎች መሃል ስትገባ

ለልጄ ለሳሚ፣

እንደምን ከርመሃል የኔ ጌታ? ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ሁሉ ለቅሶ ብቻ ስለነበረ ነው። አንተ ደግሞ ለቅሶ አትወድም። ታመህ ተኝተህ እንኳ እኔ ዓይኔን ስጠርግ ካየህ «እማ፣ ሽንኩርት ነው አይደል?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ግን ደስ የሚል ወሬ አለኝ። እጄ ለጽሕፈት ቀርፋፋ መሆኑን ታውቃለህና ታገሠኝ፤ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርህ።

አስቀድሜ የቤቱን። ጣሪያችን ተቀይሯል። ዝናብ ሲመጣ አሁን ድስትና ባልዲ አልደረድርም። አባትህ እንደ ድሮው ከባድ መኪናውን ይዞ ይመላለሳል፤ እኔም እዚያው ኬንያ በኩል ባለው ገበያ ሚቱምባዬን እሸጣለሁ። ልባሽ ጨርቁ አሁን በብዛት ይመጣል፤ እስሩን በፈታሁ ቁጥር ግን እጄ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ጓንት ነው።

ጓንቱን መቼም አትረሳውም። ከሹራቦች መሃል ያ ጣቱ የተነፋ ትልቅ የቆዳ እጅ ሲወጣ፣ የፈረንጅ ሴቶች ድስት የሚያወርዱበት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ የሹሮ ድስት ከከሰል ምድጃ አወረድኩበት። ከዚያ የትምህርት ቤታችሁ ስፖርት መምህር፣ ሁላችሁም ምዋሊሙ የምትሏቸው፣ ቤት መጥተው ሲያዩት ሳቅ ገደላቸው። ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ መጫወቻ ነው አሉን። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ መቺው አራት ቦታ ዞሮ ወደ መነሻው ከተመለሰ አንድ ነጥብ ይሆናል። አንተ ያን ቀን ጓንቱን ከእጄ ነጠቅህ። ሹሮ ሹሮ እየሸተተ ከጓደኛህ ከጂሎና ከሌሎቹ ጋር ቡቲዬ መንገድ ላይ ወዳለው ሜዳ ወረዳችሁ። ለአራቱ ቦታ አራት ጆንያ አነጠፋችሁ። ኳሱን እኔ ሠራሁላችሁ፤ ካልሲ ጠቅልዬ፣ ክር ጠምጥሜ፣ በፍየል ሌጦ ሰፍቼ።

ሜዳው ግን የእናንተ ብቻ አልነበረም። አባ ጉዮ ፍየሎቻቸውን የሚያሳልፉት በዚያው ነው። ጂሎ የመታት ኳስ መንጋው መሃል ስትወድቅ፣ ፍየሎቹ ተበትነው ግማሾቹ የጉምሩክ አጥር ድረስ ሮጡ። ሽማግሌው ኳሷን በሽርጣቸው ጠቅልለው ቤታችን መጡ። «ልጅሽ ፍየሌን ቢያስጨነግፍብኝ ማን ሊወልድልኝ ነው? እሱ?» አሉኝ። እኔ ይቅርታ ስለምን አንተ ከኋላዬ ወጥተህ ድርድር ጀመርክ። እንደ ትልቅ ሰው እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ ደንብ አወጣህላቸው። ኳሷ ፍየሎች መሃል ከገባች ማንም አይሮጥም፣ ማንም አይጮኽም። ሁሉም ባለበት ሁለት እጁን አንሥቶ ይቆማል። አባ ጉዮ ራሳቸው ኳሷን አንሥተው እስኪወረውሯት ድረስ ጨዋታው አይቀጥልም። አባ ጉዮ ደንቡን ወደዱት። ከመጠን በላይ ወደዱት እንጂ! መፋቂያቸውን እያኘኩ፣ አንዷን ፍየል እያሻሹ፣ ሌላዋን እየሰደቡ፣ እናንተን እንደ ሐውልት በፀሐይ ሲያስቆሟችሁ ይውሉ ነበር።

ምዋሊሙ አንድ ቀን ከየአገሩ የሚመጡ ታዳጊዎች ናይሮቢ ላይ ለዋንጫ እንደሚጋጠሙ፣ የሞያሌ ልጆችም በአዘጋጅዋ በኬንያ ስም ከሚሰለፉት ሁለት ቡድኖች አንዱ እንደሚሆኑ ነገሯችሁ። ያን ቀን እራት ላይ ያልከው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «እማ፣ ዋንጫውን ይውሰዱት። እኛ ከባሕር ማዶ ልጆች ላይ አንዲት ነጥብ ካገባን ይበቃናል።»

ከዚያ ያ ትኩሳት መጣ። እሱን አልጽፈውም፤ አንተም እኔም እናውቀዋለን።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝልህ። ጓንትህን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። እህትህ ሶስና በአንተ ቦታ ልጫወት ብላ ስትለምነኝ እሺ አላልኳትም። ሌላ እጅ እንዲገባበት አልፈለግሁም። እሷም ዝም አለች። ለካ ዝም ያለችው ሰምታኝ አይደለም፤ በባዶ እጇ ስትቀልብ ነበር የከረመችው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉርሻ መጠቅለል አቅቷት በግራ እጇ ስትታገል አየሁና የቀኝ መዳፏን ገለጥኩት። አብጦ ቀልቷል። ተነሥቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሳሚዬ፣ ያ ጓንት አሁንም ሹሮ ይሸታል።

ናይሮቢ ከመሄዳችን በፊት ሰው ሁሉ ጥቁሩን አውልቂ አለኝ። ዓመቱ አልፏል፣ ተዝካሩም ወጥቷል አሉኝ። አልሆነልኝም። ጥቁሬን እንደለበስኩ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አባ ጉዮ እስከ መናኸሪያው መጥተው ልጆቹን ሁሉ በየራሳቸው ላይ እጃቸውን እየጫኑ መረቁ። «ነጋን ዴማ፣ በሰላም ሂዱ» አሉና፣ ጂሎ ጋ ሲደርሱ ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው «አንተ ግን በዚያም አገር ፍየል እንዳትነካ» አሉት። ልጆቹ እስከ ማርሳቢት ድረስ በዚህ ሲስቁ ሄዱ።

የናይሮቢው ሜዳ ቢታይህ! ሣሩ እንደ ምንጣፍ ነው። ባንዲራ ተደርድሯል። ከሩቅ አገር የመጡት ልጆች ቁመታቸው የአባትህን ያህላል። የእኛዎቹ ቢጫ ማሊያ ለብሰው ሲወጡ ከመሃላቸው ሶስና በጣም ታንሳለች፤ ጓንቱ ከፊቷ ይሰፋል። መጀመሪያ ቀን በባዶ ተሸነፉ። ሁለተኛም ቀን በባዶ። ማታ ማታ ምዋሊሙ ያጽናኗቸዋል፤ ሶስና ግን «አንዲት ነጥብ እኮ ነው ያልነው» እያለች ትበሳጫለች። የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ሰማያዊ ከሚለብሱት ከባሕር ማዶ ልጆች ጋር። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤት ነው።

በዚያ ጨዋታ መሃል ሰማያዊ ለባሾቹ አንዷን ኳስ መቱና እስከ ሜዳው ጫፍ ተንከባለለች። እዚያ ደግሞ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፤ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ አሥር ይሆናሉ። ኳሷ ቀጥ ብላ መሃላቸው ገባች። ልጆቻችን ዓይናቸው መንጋ ሲያይ እግራቸው ቆመ። ዘጠኙም ባሉበት ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ሰማያዊዎቹ ግራ ገብቷቸው ቆም አሉ፤ ቀጥሎ ማንም የማይከለክላቸው መሆኑ ሲገባቸው መቺውና ቀድሞ ሁለተኛው ቦታ ላይ የነበረው ጓደኛው እየሳቁ ዞረው ሁለት ነጥብ አገቡ። ምዋሊሙ ራሳቸውን ያዙ። አጠገቤ የተቀመጠችው የናይሮቢ ሴት በስዋሂሊ «እየጸለዩ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የኔ ስዋሂሊ ከገበያ አያልፍም፤ «ምቡዚ፣ ምቡዚ» ብቻ አልኳት፤ ፍየል፣ ፍየል ማለቴ ነው። ዞር ዞር ብላ ፍየል ፈለገች። ያኔ ሳቄ መጣ። እምባዬም አብሮ መጣ፤ ግን ሳቁ ቀደመ። ያንተ ደንብ ናይሮቢ ደርሶ ሁለት ነጥብ አስበላን አልኩ።

አሁን ዋናውን ስማ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሶስና መታችና ሁለተኛው ጆንያ ላይ ደረሰች። እዚያ በእርግጥ ጆንያ የለም፣ ነጭ ነገር ነው፤ እኛ ግን ጆንያ እንለዋለን። ቀጥሎ ጂሎ ዱላውን ያዘ። ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው መታት፤ ኳሷም አጥታ አጥታ እዚያው አባ ኮዳዎቹ ጋ ሄደች። የሰማያዊዎቹ ልጅ፣ ጥርሱ ላይ ሽቦ ያለው፣ ሊያነሣት ሮጠና ወፎቹ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሁለት እጁን አነሣ! ያ ምስኪን የአገሩ ደንብ መስሎት ነው። የእኛዎቹስ? ጂሎ መንገድ ላይ ቆሞ እጁን አነሣ። ሶስናም ሦስተኛው ጆንያ ጋ ስትደርስ እጇን አንሥታ ቆመች።

ሳሚዬ፣ ከቀብርህ ቀን ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ገበያ ላይ እንኳ ዕቃዬን በምልክት ነበር የምሸጠው። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ነጠላዬ ወድቋል፣ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ፣ በአማርኛ እየጮኽኩ ነው። «ሶሲ! ሩጪ! አባ ጉዮ እዚህ የሉም! ሩጪ እንጂ አንቺ ልጅ!»

ሰማችኝ። ዞራ አየችኝ፤ መጀመሪያ የደነገጠችው በነጥቡ ሳይሆን በእኔ ድምፅ ይመስለኛል። ከዚያ በረረች። የዚያ ልጅ ጓደኞች ይጮኹበታል፣ እሱም ነቅቶ ኳሷን አንሥቶ ወረወረ፣ እሷ ደግሞ ያ ትልቅ ጓንት ከቀበቶዋ ተንጠልጥሎ እየተወዛወዘ መነሻው ላይ በደረቷ ወደቀች። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ገባች ማለት ነው። አንዲት ነጥብ!

አሥራ አንድ ለአንድ ተሸነፍን፤ ሰው ግን ዋንጫ የበላን ነው የመሰለው። ያ ሽቦ ያለው ልጅ ሲያልቅ ወደ ሶስና መጥቶ ሁለት እጁን አንሥቶ ሳቀ። ሁለቱ ቡድኖች ተቀላቅለው እጃቸውን እንዳነሡ ፎቶ ተነሡ። እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። ምዋሊሙ ከጥቁሩ ልብሴ በላይ ቢጫ ማሊያ አለበሱኝ። አውቶቡስ ውስጥም አላወለቅሁትም፤ ቤት ስደርስ ሁለቱን ባንድ ላይ አውልቄ፣ ጥቁሩን አጥቤ አጥፌ አስቀመጥኩት። ማሊያውን ግን በማግሥቱ ገበያ ለብሼው ወጣሁ።

አባ ጉዮ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስደገሙን። ስንጨርስ በጣም አሰቡና «ወፎቹ አልተበተኑም?» ብለው ጠየቁ። አልተበተኑም አልናቸው። «ጎሽ፣ ደንቡ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ መስለው፣ «ያ ልጅ አስተዋይ ነበር» አሉ።

ነገ እሑድ ነው። ድንበሩን ተሻግሬ ካንተ ዘንድ፣ ኢትዮጵያ በኩል ወዳለው መቃብርህ እመጣለሁ፤ ይህን ደብዳቤና ያቺን ነጥብ ያገባንባትን ኳስ ይዤ። ዳኛው ለሶስና ሰጥቷት ነበር፣ እሷ ደግሞ ለአንተ ብላለች። ድንበር ላይ ያለው ፈታሽ ምን እንደሆነች ቢጠይቀኝ ታሪኩን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ይጠብቅ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ኳሷ ፍየሎቹ መሃል ገባች፤ ልጆቹ ሁሉ ጸጥ ብለው እጃቸውን አነሡ። እኔም የምሰፋውን አስቀምጬ ተነሣሁና እጄን አነሣሁ። አባ ጉዮ እንደ ልማዳቸው አልቸኮሉም። ድሮ ይህ መዘግየት ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ምን ያህል ቢቆዩ ግድ የለኝም። እድሜ ሰጥቶኝ እግሬ እስከቆመ ድረስ በዚያ ሜዳ ኳሷ ፍየሎች መሃል በገባች ቁጥር አብሬ እቆማለሁ ልጄ፤ እሳቸው አንሥተው እስኪወረውሯት ድረስ ያለችው ጊዜ ያንተ ናት።

እናትህ