ሰባተኛ የወጣች ልጄ ክፍል እንድትደግምልኝ ስለ መጠየቅ

ለክብርት ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣
ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠቅሰው የካዛንቺስ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉንፋኑ እንዳልደፈረዎት፣ የቢሮዎ ጣሪያም እንዳላፈሰሰብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ባለቤቴ እጸገነትም ከወደቀችበት ተነሥታ በምርኩዝ መራመድ ጀምራለች።

እኔ ካሳይ ገብረዋህድ እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የአምስተኛ «ለ» ተማሪዋ የሲምረት አባት ነኝ። በሐምሌ እርስዎን ለማነጋገር ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ ፊት ለፊት የተሰቀለውን «የምዘና ዓላማና ዓይነቶች» የሚለውን ሰሌዳ በቃሌ እስክይዘው ድረስ አንብቤዋለሁ። የምዘና ዓላማ ተማሪው ያወቀውንና የጎደለውን ለይቶ ለመርዳት ነው ይላል። በጣም ያምራል፤ ፍሬሙም ያምራል። ስለዚህ ለልጄ የተደረገላትን ሁሉ በሰሌዳዎ ቅደም ተከተል እየጠቀስሁ ማመስገን ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

፩. የመለያ ምዘና። ትምህርት ሳይጀመር ተማሪው የቱ ጋ እንደቆመ ለማወቅ የሚደረግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። ሲምረትም አልቀረባትም፤ በየዓመቱ መስከረም ወረቀት ይሰጣታል፣ ይታረማል፣ ማርኩ ይመዘገባል፣ ከዚያም ወረቀቱ ቁም ሣጥን ገብቶ ይቆለፍበታል። በሐምሌ ሲያሳዩኝ በሙያዬ እንዳረጋገጥሁት፣ የአምስት ዓመቱ ፋይል አንድም ቅጠል አልጎደለውም። ከፍቶ ያየው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

፪. ተከታታይ ምዘና። ይህ ከመቶ ስልሳውን ይይዛል፤ ልጄ ሃምሳ ስምንት አግኝታበታለች። እንዴት እንዳገኘችው ሳጣራ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነበር። ደብተሯ በላስቲክ ስለተሸፈነና ጽሑፏ ስለሚያምር ሙሉ ማርክ፤ ስለማትቀርና ስለማትረብሽ ሙሉ ማርክ። የቀረው የቡድን ሥራ ነው። አምስት ሆነው ሲሠሩ የቡድኑ መሪ ሩሐማ ታስባለች፣ ሦስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ሲምረት ደግሞ የሩሐማን ረቂቅ በንጹሕ ወረቀት ትገለብጣለች። ፊደሎቹን እያየች አንድ በአንድ ትስላቸዋለች ማለት ይሻላል፤ ምክንያቱም፣ ክብርት ሆይ፣ ልጄ ማንበብ አትችልም። አምስት ዓመት ሙሉ ስትገለብጥ ኖራ፣ የገለበጠችው ምን እንደሚል የጠየቃት መምህር አልነበረም።

አባትም አልነበረም። አሥር ካርድ ፈርሜያለሁ። በየሴሚስተሩ ደረጃዋን አይቼ፣ ግንባሯን ስሜ፣ ኬክ ቤት ወስጃታለሁ፤ አንድ ቀን ግን እስቲ አንብቢልኝ ብዬ መጽሐፍ አላስያዝኋትም። በዚህ እስክሞት አፍራለሁ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ተነሥቶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ስንከራይ እንኳ፣ ደረጃዋ እንዳይበላሽ ብለን በሁለት ታክሲ እየተመላለሰች እዚያው እርስዎ ዘንድ እንድትማር የወሰንሁት እኔ ነኝ።

፫. የማጠቃለያ ምዘና። ከአርባ ሃያ ሦስት። በማጠናከሪያው ክፍለ ጊዜ «ከጠፋባችሁ ረጅሙን መልስ አጥቁሩ፣ ባዶ ግን አትተዉ» ተብለው ተመክረዋል። ልጄ ታዛዥ ናት፤ ባዶ አልተወችም። በድምሩ ሰማንያ አንድ፣ ከስልሳ ሁለት ተማሪዎች ሰባተኛ።

፬. አራተኛውን ሰሌዳዎ ላይ አላገኘሁትም፤ የተደረገውም እኛ ቤት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ እኔ ለሥራ አዳማ ሄጄ ሳለ እጸገነት የደም ግፊት መድኃኒት ተቀየረላት። መነጽሯ ተሰብሮ ስለነበር በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ የተጻፈውን ልጇን አስነበበቻት። «ማታ አንድ» ነበር የሚለው። ሲምረት ፖስታውን አየት አድርጋ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ነው አለቻት። ድሮ ለራሷ ለሳል የተሰጣት መድኃኒት እንደዚያ ይወሰድ ነበርና ሁሉም እንደዚያ መስሏት ነው። እናትም ሰባተኛ የወጣች ልጇን አመነች። በአራተኛው ቀን ደረጃ ስትወርድ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ውጤቱ ወዲያው ታወቀ፣ ማጥቆርም አላስፈለገውም።

ይህን ይዤ ነው እርስዎ ዘንድ የመጣሁት። ልጄ ስድስተኛ ክፍል እንዳትገባ፣ አንድ መምህር አጠገቡ አስቀምጦ እንዲያስነብባትና ከምትችልበት ክፍል እንድትጀምር ለመንሁዎት። እርስዎም በትሕትና «አቶ ካሳይ፣ ሰባተኛ የወጣች ልጅ እኮ ናት፤ ደስ ይበልዎት እንጂ» አሉኝ። ውጤቱ ለበላይ አካል ተልኳል፤ ትምህርት ቤቱም ዘንድሮ አንድም ደጋሚ ስለሌለው ሊሸለም ነው። እንኳን ደስ ያለዎት። ያለፈች ልጅ እንድትወድቅ የሚጠየቅበት ቅጽም እንደሌለ ነግረውኛል፤ ለዚህ ነው በቅጹ ፈንታ ይህን ደብዳቤ ራሴ ያዘጋጀሁት።

የክፍል ኃላፊዋን መምህር ዋቅጋሪን በዚህ እንዳይቀየሟቸው አደራ። በር ላይ አግኝቻቸው ሲያፍሩ አይቻለሁ። «ስልሳ ሁለት ልጅ ይዤ ማንን ላስነብብ? ማርኩ ዝቅ ካለ እኮ ግምገማ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ አይደሉም» አሉኝ። በትምህርት ቤትዎ እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸውና፣ ከሽልማቱ ጥቂት ቢደርሳቸው መልካም ነው።

ትምህርት ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያቺን ልጅ ስድስተኛ ክፍል ካስገቧት እንደገና ትገለብጣለች፣ እንደገና ታልፋለች፣ እኔም የት እንደምታቆም አላውቅም። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት እለምንዎታለሁ፤ ልጄን ይጣሉልኝ።

ያለ ልክ የታደለውን ማርክ ያለ ልክ ያመነ፣
ለሽልማትዎ ሥነ ሥርዓት ቢጠሩት እናቷን ደግፎ ለመምጣት ዝግጁ የሆነ፣
ታዛዥዎ ካሳይ ገብረዋህድ

ማሳሰቢያ፦ ይህችን ማሳሰቢያ በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህ በላይ ያለውን ግን፣ እርስዎ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ ሲምረት ከረቂቄ ላይ ገልብጣዋለች። አንድ ፊደል አልሳተችም። ማድረጌ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ስትጨርስ ከሁሉ መካከል የራሷን ስም ለይታ አወቀችው፤ በጣቷ እያሳየችኝም «አባዬ፣ ስሜ ብዙ ቦታ አለ። ጎበዝ ናት ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ።