ቀዩ አንሶላ

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን

እትዬዋ፣

ሥራው እንዴት ይዞሻል? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። የአባዬ ወገብ ተሽሎታል። እኔም ፊዚክስ አልወደቅሁም፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ይህን የምጽፍልሽ ስለ አንሶላው ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ከአጠገቤ አትነሳም።

ታስታውሻለሽ፣ ወንድም ጋሼ አብራሪ ከሆነ ጀምሮ በየዓመቱ የአየር ኃይል ቀን ሲደርስ እማዬ ቀዩን አንሶላ ጣሪያው ላይ አስጥታ አራቱን ጫፍ በጡብ ትጭነው ነበር። "ከላይ ሲታይ ቤቱ ሁሉ አንድ ነው፤ ያለ አንሶላው አላገኛችሁም" ይላት ነበር። ሲያያት ክንፉን ግራና ቀኝ ያወዛውዝላታል፤ እሷም መሃረቧን ታውለበልብለታለች።

ዘንድሮም፣ እሱ ልምምድ ላይ ከነአውሮፕላኑ ወድቆ ባረፈ በሰባተኛው ወር፣ ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድማ አሰጣችው። አባዬ ላንቺ ደወለ። አንቺም በስልክ "አንሱት፣ ቁስሏን ነው የምታክበት" አልሽው። እኔም ልክ ነሽ ብዬ ነበር። በዕለቱ ጠዋት እማዬ ፊቷን ስትታጠብ ወጥቼ አነሳሁት፤ አጣጥፌ ከደብተሮቼ ሥር ከተትኩትና ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁላችንንም ሜዳው ላይ አሰለፉን። ወደ ላይ ላላይ ምዬ ስለነበር ጫማዬን አየሁ። የአውሮፕላኖቹ ጩኸት መጣ።

"አንገትህ ተሰበረ እንዴ? ቀና በል እንጂ!" አለኝ አጠገቤ የቆመው ረጅሙ ልጅ፣ አንበጣ የምንለው።

"አንተ፣ ተወው!" አሉት የስፖርት አስተማሪያችን። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አራት ናቸው። በግራ ያለው ክፍት ቦታ የወንድምህ ነው፤ ለክብሩ ነው የተዉለት" አሉኝ።

እኔ ግን መሬቱን እያየሁ ነበር፣ እትዬ። ጥላቸው በሜዳው ሲያልፍ ቆጠርኩ። አምስት ነው። አራቱ ግንቡን ዘለው ሄዱ። አምስተኛው፣ በግራ ያለው፣ ወደ ኋላ ቀረ። ድምፅ የለውም። የተማሪዎቹን ጫማ እየረገጠ አንዴ፣ ሁለቴ ዞረና ወደ ሰፈራችን አቀና። ልጆቹ ሁሉ አንጋጠው ያጨበጭባሉ።

ቤት ስደርስ እማዬ ጣሪያው ላይ በአራቱ ጡቦች መሃል ተቀምጣለች። አልተቆጣችኝም።

"አምስት ጊዜ ዞረ" አለችኝ። "ቤቱ ጠፋበት።"

"ማን እማዬ?"

"አትጃጃል።"

ከዚያ ወዲህ ጥላው በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሰፈሩን ይዞራል። ፀሐይዋን ደመና የጋረዳት ይመስላል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ባለሱቁ "ይሄ ደግሞ የምን አሞራ ነው?" እያለ በሩ ላይ ቆሞ ያንጋጥጣል። ትናንት ለምሳ ቀደም ብዬ ወጥቼ የጎረቤታችንን ጣሪያ ሦስት ጊዜ ሲዞር አየሁት። ተሳስቶ ክንፉን ለእነሱ ቢያወዛውዝስ?

ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ፤ ለአባዬ እንዳትነግሪብኝ። አንሶላውን አስጥቼ፣ ጡቦቹን ጭኜ፣ እማዬን ደግፌ አወጣኋት። መጣ። ከጎረቤት ጣሪያ ተሻግሮ ቀዩ ላይ ሲደርስ ቆም ያለ መሰለኝ፤ ከዚያ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ አለ። እማዬ መሃረቧን አውለበለበች። በእኔ ላይ ሲያልፍ ጠዋት የተነካ ብረት ያህል በረደኝ። ከዚያ ሄደ።

"አየኸው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። አልዋሸሁም። ብቻ አንዴም ቀና አላልኩም።

ወርዳ ምሳዋን በላች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳህኑን ጨረሰች።

እባክሽ ስትደውዪ አንሱት አትበያቸው። መግቢያ መውጫሽን ያሳምርልሽ፤ ከብርዱም ከክፉም ይሰውርሽ። ደግሞ ቀይ ነገር ካለሽ፣ የአንገት ልብስም ቢሆን፣ መስኮትሽ ላይ ስቀዪ። ከእኛ ሲለይ አንቺ ባለሽበት አቅጣጫ ነው የሄደው።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ድንቢጥ