ከወሩ ምስጉን ሠራተኛ ልጅ ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሆቴልዎ ፎቅ ከፍ ያለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ክፍሎችዎ ፍራሽ የለሰለሰ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔን አያውቁኝም፤ የእንግዳ ተቀባይዎ አንድያ ልጅ ነኝ። እናቴን ግን በደንብ ያውቋታል፤ ባለፈው ወር «የወሩ ምስጉን ሠራተኛ» ብለው ፎቶዋን መግቢያው ላይ ሰቅለውላታል። ስለዚህ ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያልገቡኝን ጥቂት ነገሮች ግን፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንዳይሉኝ እየፈራሁ፣ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ፈገግታን በተመለከተ። በመመሪያዎ መሠረት እናቴ ሲሰድቧትም ፈገግ ትላለች። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶ «ሰረቃችሁኝ» ብሎ የጮኸባትን ሰውዬ እንኳ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብላ ሸኝታዋለች። ፈገግታው የሆቴሉ ንብረት መሆኑን የተረዳሁት ወደ ቤት ይዛው ስለማትመጣ ነው። በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ፊቷንም አብራ የምታወልቅ ይመስለኛል፤ ትምህርት ቤት የዋልኩትን ማውራት ስጀምር ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። ጎረቤታችን ያሉት ትልቅ ሴትዮ፣ የሰው ቤት መጋረጃ የሚያሳስባቸው፣ «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ይሏታል። እኔ አልጋውንም ቀጋውንም አላየሁም። የማየው የደከማት ሴት ነው።

፪. አክብሮትን በተመለከተ። በቀደም ልቀሰቅሳት ትከሻዋን ብነካት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ አንቱ መባሌ ቢያኮራኝም፣ የምፈልገው እርዳታ ከሆቴሉ አገልግሎቶች ውስጥ ስለሌለ ብርድ ልብስ ብቻ አለበስኳት።

፫. ሽልማቱን በተመለከተ። ከፎቶው ጋር በምግብ ቤትዎ የሁለት ሰው እራት ጋብዘዋታል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ምን ምን እንደማጫውታት ሳስብ ሰነበትኩ፤ ሸሚዜንም ራሴ ተኮስኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ሾርባው ሳይመጣ ግን ሆድዎ ቀድሞ፣ እርስዎ ተከትለው ብቅ አሉና፣ ሠራተኛ በእንግዳ ወንበር ላይ እንደማይቀመጥ በጆሮዋ አስታወሷት። የጋበዟትም እርስዎ፣ ያስነሷትም እርስዎ። ልጅ ሲሳሳት ጥፋት ይባላል፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ደንብ እንደሚባል ያን ቀን ተማርኩ። እናቴ ፈገግ ብላ ተነሣች፤ ሾርባውን ራሷ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና «መልካም ምግብ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አስተናጋጁ የእሷን ሳህን ሊያነሣ መጥቶ «ሰው ይጠብቃሉ?» አለኝ። አዎ አልኩት። አሁንም መልሴ ያው ነው።

፬. እሑድን በተመለከተ። እንግዶች ስለወደዷት የእሑድ ዕረፍቷን አንሥተው የእሑድ ተራ ደርበውላታል። ሲደሰቱባት እንዲህ ካደረጉ፣ ቢቆጧት ምን ያህል ዕረፍት ታገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ እሑዷን ይመልሱልኝ። ወሬዬ ተጠራቅሞብኛል፤ ለግድግዳው ባወራው ደግሞ ጎረቤታችን ይሰሙታል።

ክብርዎ እንደ ክራባትዎ ሳይላላ፣ ዘመንዎም እንደ ሊፍትዎ መሀል ላይ ቀጥ ሳይል ይዝለቅልኝ እያልኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

በመስኮቱ በኩል ያለው የሁለት ሰው ጠረጴዛ
ብቸኛ እንግዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መግቢያው ላይ የሰቀሉት ፎቶ አይደክመውም፣ አይርበውም፣ ቢሰድቡትም ፈገግታው አይጠፋም። እሑድ እሑድ እሱን አውርደው እንግዳ መቀበያው ላይ ያቁሙት፤ ደንብዎ የሚጠይቀውን ሁሉ ያሟላል። የማትስቀዋን እኔ እወስዳታለሁ።