ለቤዝቦል ቡድን ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሐሳብ ለጠየቁን ለግራዝማች ንጉሡ

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ንጉሡ አራጌ
የመካነ ሰላም ወጣቶች ቤዝቦል ቡድን ደጋፊ ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የበቅሎዎን ጤንነት ከአላህ እለምናለሁ። እኔ በእርስዎ ሊቀመንበርነት ዘመን ካልሞቱት አንዱ በመሆኔ ደኅና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ከሁለት ወር ወዲህ «ግራዝማች» የሚለውን ማዕረግ ከስምዎ ላይ አውልቀው «አቶ» እያሉ መፈረም እንደ ጀመሩ ሰምቻለሁ። ሰው ካባውን ባወለቀ ጊዜ ልብስ ሰፊው ማንነቱን ይረሳዋል ማለት አይደለምና፣ በቀድሞው ማዕረግዎ መጥራቴን እንደ አክብሮት ይቁጠሩልኝ። «ንጉሡ» የሚለውን ስምዎን ግን በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉት ለእኔም አሳስቦኛል።

ባለፈው ሳምንት በየሱቁ በር ያስለጠፉትን ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ከሚለው መፈክር ሥር፣ የቤዝቦሉ ቡድን በአዲስ መንፈስ እንደገና ሊቋቋም በመሆኑ ነዋሪው ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚሆኑ «አዳዲስና ያልተለመዱ ሐሳቦችን» በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ሐሳብ ጠይቀው የማያውቁ ሰው ሐሳብ ሲጠይቁ ዝም ማለት ነውር መስሎ ስለታየኝ ይህን ጻፍሁ። ቅጂውን ከማስታወቂያዎ አጠገብ መለጠፌም፣ እርስዎ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ አንብቦ የሚነግርዎ ሰው እንዳይጠፋ በማሰብ ነው።

በከተማችን ለሰፈሩትና ነገሩን ለማያውቁት የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ባጭሩ ላስረዳ። ቤዝቦል ማለት አንዱ የወረወረውን ኳስ ሌላው በዱላ መትቶ፣ ዙሪያውን ሮጦ ወደ ተነሣበት የሚመለስበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። እዚህ ያስተምር የነበረ አንድ አሜሪካዊ በ1964 ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ዱላ፣ ጥቂት የቆዳ ጓንትና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶ ሄደ። ልጆቹ ከገና ጨዋታ ጋር አዛምደው ወዲያው ለመዱት፤ ከተማውም «የዱላ ኳስ» ብሎ ስም አወጣለት። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም፤ የጨዋታውም አልነበረም። ክቡርነትዎ ግን «አሜሪካኖች የራሳቸውን ጨዋታ የሚጫወት ከተማ ካዩ መንገድ ይሠሩልናል» ብለው ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀመንበርም ሆኑ። መንገዱ እስከ ዛሬ አልመጣም። የመጣው ረሀብ ነበር።

አዳዲስ ሐሳቦች ከማቅረቤ በፊት፣ ከዚህ ቀደም በራስዎ ጭንቅላት የፈለቁትን በየተራ ማስታወስ ተገቢ ነው።

፩ኛ. በ1965 ክረምት፣ ቅዳሜ ገበያ ከሚገባው ሰው ሁሉ፣ ከያዘው እህል ላይ «ለወጣቶች ስፖርት» እየተባለ አንድ ጣሳ እንዲሰፈርበት ያዘዙት እርስዎ ነዎት። አንድ የወግዲ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ያመጡት ሁለት ጣሳ ሽምብራ ብቻ ነበር። ዘበኛዎ አንዱን ጣሳ ሲወስድባቸው፣ «ልጄ፣ ይህ ስፖርት የሚባለው ሰውዬ ቤተሰቡ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። እርስዎ በቅሎዎ ላይ ሆነው ሳቁ። እርስዎ ስለሳቁ እኛም ሳቅን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ የምር ጠይቀው ኖሮ መልሱን ይጠብቁ ነበር።

፪ኛ. በመስከረም 1966 በጎ አድራጊዎች ለችግረኛው የላኩት አቡጀዲ እርስዎ ቁልፉን በያዙት የማኅበሩ መጋዘን ገባ። በማግስቱ አስጠርተውኝ የቡድኑን መለያ እንድሰፋ አዘዙኝ። «ክቡር ሆይ፣ ይህ ጨርቅ ለሞቱት ከፈንና መግነዝ የመጣ አይደለም ወይ?» ብልዎ፣ «የሞተ ሰው ምን ልልበስ ብሎ አይጨነቅም፤ እኛ ሕያዋኑን እናልብስ» አሉኝ። ዘጠኝ ሸሚዝና ዘጠኝ ሱሪ ሰፋሁ። በሸሚዞቹ ጀርባ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር በሰማያዊ ቀለም ጻፍሁ። የእጄንም ዋጋ ተቀበልሁ። ይህን ራሴ የምናገረው ክቡርነትዎ በመልስዎ ላይ ለመጻፍ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

፫ኛ. ሦስተኛው ሐሳብዎ ከሁሉ የላቀ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እንድተርከው ይፍቀዱልኝ።

በጥቅምት ወር ከማሻ በኩል የመጡ ባልና ሚስት ሱቄ በረንዳ ላይ ተጠግተው ነበር። ሰውዬው ካሳ ይባላል፤ በሬዎቹን ሸጦ ከበላ በኋላ ሞፈርና ቀንበሩን ለማገዶ የሸጠ ገበሬ ነው። እግሮቹ አብጠው መቆም አቅቶት ነበር። ሚስቱ አልታየች ትባላለች። በመጣች በሁለተኛው ቀን፣ «አያ ጀብሪል፣ ጥጥ ካለዎት ልፍተልልዎ፤ እንዲሁ ሰው በረንዳ ላይ መቀመጥ ከበደኝ» አለችኝ። እንዝርቷን ከቤቷ ይዛው ወጥታ ኖሯል። እኔ ካለኝ ላይ ቆሎም ቂጣም እሰጣት ነበር፤ እሷ ግን ከሦስቱ ሁለቱን እጅ ለካሳ ትሰጥና ትፈትላለች። እንደዚያ የቀጠነና የማይበጠስ ክር ጠግቦ ከሚያድር ሰው እጅ አላየሁም።

በኅዳር ወር ማኅበርዎ «የችግረኞች ሩጫ» አወጀ። ከገበያው ጫፍ ተነሥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሜዳውን ዞሮ ለሚመለስ የመጀመሪያ ሰው አንድ ጆንያ ስንዴ ይሰጣል፤ ሯጩ አይከፍልም፤ ተመልካቹ ይከፍላል፤ ነጋዴው ደግሞ ባመነበት ሯጭ ላይ ገንዘብ ያስይዛል። ከማኅበሩ አባላት አንዱ «የራበው ሰው እንዴት ይሮጣል?» ብለው እንደ ነበር በኋላ ነግረውኛል። እርስዎም «ስንዴው ፊቱ ከተቀመጠለት ይሮጣል» አሉ። በዚህ ረገድ እንዳልተሳሳቱ መመስከር አለብኝ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት አልታየች ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታስር አየኋት።

«የት ነው?» አልኋት።

«ካሳን ለአንድ አፍታ ይዩልኝ» አለች።

«ተይ፣ ትወድቂያለሽ።»

«ተቀምጬስ መቼ ቆሜያለሁ፣ አያ ጀብሪል» ብላ ሄደች።

ሱቄ ከገበያው ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉንም አየሁት። ሩጫ ብዬ የምጽፈው ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው። ዘጠኙ የቡድንዎ ልጆች እኔ የሰፋሁትን ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ሕዝቡ እንዳይገባ ገመድ ይዘው ቆመዋል። አርባ የሚሆኑ ሰዎች ተነሡ። ግማሾቹ ቁልቁለቱ ላይ ሳይደርሱ ተቀመጡ። አንድ ጎልማሳ ተደናቅፎ በግንባሩ ተደፋ፤ ሕዝቡ ሳቀ። ሰውዬው አልተነሣም። ሳቁ ቅርብ ከነበሩት ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ፤ እርስዎ ከነበሩበት ዳስ ግን ዘግይቶ ጠፋ።

አልታየች አልሮጠችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እግሯን እየመረጠች ተራመደች፤ የሮጡት ሲቀመጡ እሷ አልፋቸው ሄደች፤ ቀድማም ደረሰች። ደርሳም ጆንያው ላይ ተቀመጠችበት። ከደሴ ያስመጡት ፎቶ አንሺ እርስዎን አንድ እጅዎን በጆንያው፣ አንድ እጅዎን በእሷ ትከሻ ላይ አሳርፈው አነሣዎት። ከዚያ ስለ ስፖርት ጥቅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሲያበቃ ጆንያው በበቅሎ ይጫን ብለው አዘዙ፤ በሚመጣው ሳምንት ወግዲ ላይ ለሚደረገው ሩጫ እሱው ያስፈልጋል ተባለ። ለአሸናፊዋም ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ተሰጣት።

ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «ይህንስ ካሳ አያኝከውም» አለችና መልሳ ለእርስዎ ዘረጋችው። ዘበኞችዎ እጇን ይዘው ሊያስነሷት ሲጎትቱ፣ እንዝርቷን ከመቀነቷ መዝዛ ጆንያውን ከታች ወጋችው፤ ወጋችና ወደ ጎን ቀደደችው። ስንዴው ፈሰሰ። በየመንገዱ ተቀምጠው የነበሩት ያን ጊዜ ተነሥተው መጡ። ልጆችዎም ገመዱን መሬት ላይ ለቀቁት።

አልታየች የማኅበር ንብረት አጥፍታለች ተብላ፣ እርስዎ ራስዎ በፈረሙት ክስ ታሰረች። ሲወስዷት በሱቄ በር በኩል አለፈችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን አንድ እፍኝ ስንዴ እጄ ላይ ፈታችልኝ። ቀቅዬ ለካሳ ሰጠሁት። ጥቂት ቀመሰና «አልታየች ወዴት አለች?» አለኝ።

«አሸንፋ ስንዴውን ልታስጭን ሄዳለች» አልሁት።

«እሷ ሠራተኛ ናት» አለ። ማክሰኞ ዕለት ሞተ።

ለመግነዙ የሚሆን አቡጀዲ ልለምንዎ መጋዘኑ ድረስ መጣሁ። ጨርቁ ማለቁን በትሕትና ገለጹልኝ። ተመልሼ ሱቄ ስደርስ የቡድኑ አለቃ ምናለ፣ ሰባት ቁጥር ሸሚዙንና ሱሪውን አጥቦ አጣጥፎ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ስምንቱ ጓደኞቹ ከኋላው ነበሩ።

«ጋሼ ጀብሪል፣ ይፍቱት» አለኝ።

«ቢጠይቁህስ?»

«ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ።»

የራሴን ስፌት በምላጭ ፈታሁት፤ ቁራጩን ከቁራጭ ገጥሜ መግነዝ አደረግሁት። ሰማያዊው ቀለም በውኃ አልለቅ አለኝ። ቄሱ በካሳ ደረት ላይ ሰባት ቁጥር አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ቢሉ ምናለ «የእኔ ነው፣ አባ» አላቸው። ፍትሐቱን ቀጠሉ። የቀሩትም ልብሶች በዚያ ሳምንት ተራ በተራ ተፈቱ። ስለዚህ ቡድንዎ ተበትኗል የሚሉ ሰዎች ያወራሉ እንጂ እውነቱን አያውቁም፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለው ሙሉ ቡድንዎ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ መቃብር ውስጥ ተሰልፎ ይገኛል።

አልታየች ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈታች። የካሳን ነገር የነገርኋት እኔ ነኝ። አልጮኸችም። «ስንዴውን ቀምሶታል?» አለችኝ። «ቀምሶታል» አልኋት። ከዚያ እንዝርቷን የት እንደምታገኝ ጠየቀችኝ። ኤግዚቢት ስለሆነ እንደማይመለስ ነገርኋት። በባሏ ሞት ያላነባችው ሴት ያን ጊዜ አለቀሰች።

፬ኛ. አራተኛው የምናለ መገረፍ ነበር። እሱ ግን «የእኔን አይጻፉት፤ የእሷ ይበቃል» ስላለኝ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የጠየቁትን ያልተለመደ ሐሳብ ላቅርብ። ያ ፎቶግራፍ በእጅዎ ካለ፣ በትልቁ አሳትመው ገበያው መግቢያ ላይ ያቁሙትና ለማየት የሚመጣውን ያስከፍሉት። ከወግዲም ከማሻም የሚመጣ አይጠፋም። መትፋት የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ ገቢው በእጥፍ እንደሚያድግ፣ ምናልባትም መንገዱን ያለ አሜሪካኖች እርዳታ ለመሥራት እንደሚበቃ አምናለሁ።

አልታየች ዛሬ ከእኔ ጋር ትሠራለች፤ የመኪና ስፌትም ተምራለች። ማስታወቂያዎን ስታየው አስነበበችኝ። «ያልተለመዱ ሐሳቦች» የሚለው ላይ ስደርስ ይድገሙት አለችኝ፤ ደገምሁላት። ከዚያ ቁልፍ እየተከለች፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ «ሰውዬው እስካሁን አልጠገበም?» አለች። እኔ መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄውን ከነአክብሮቱ ለክቡርነትዎ አስተላልፌአለሁ።

ስለ ሰጡን ጣሳ ሙሉ ስፖርት፣ ሕያዋንን ስላለበሱበት ርኅራኄዎ፣ አንድ ጆንያ ስንዴ አንድም ሰው ሳያጠግብ ሁለት ከተማ እንዲያሮጥ ስላሰቡበት ብልሃትዎ፣ የከተማው ሕዝብ በሕይወት ያለውም የሌለውም ያመሰግንዎታል። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ስማቸውን የጠራኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እያሰቡ የሚኖሩበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ጨርቅዎን የሰፋ፣ የሰፋውንም የፈታ፣
ልብስ ሰፊ ጀብሪል ሰይድ

ማሳሰቢያ፦ በ1964 ለፋሲካ ኮትና ሱሪ ስሰፋልዎ የወሰድሁት የወገብዎ ልክ በደብተሬ አለ። በረሀቡ ማግስት፣ በ1966 ጥምቀት ላይ፣ ሱሪው አልዘጋ ብሎዎት እንዳሰፋው ሲልኩልኝ አራት ጣት ጨምረው አገኘሁዎት። የደንበኛን ልክ ለሌላ ሰው መናገር በሙያችን ነውር ስለሆነ በደብዳቤው ውስጥ አላስገባሁትም።