ዜሮ የተባለው ሰፈራችን

ለውድ ወንድሜ ታዴዎስ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሱቅ ውስጥ ቆመህ ትውላለህ? ኖላዊት እንዴት ናት? ባርኮት ጥርስ አወጣ? እኛ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ለመጨመር ግን እጄ ከበደኝ። በስልክ ያልነገርኩህ እናታችን አጠገቤ ቆማ ስለምትሰማ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ከቤታችን አጥር ጋር ተያይዞ አረቄ ቤት ተከፍቷል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገዱን ሰካራም ዘግቶት እናገኛለን። ከሁሉ የባሰው ዳልጮ ነው፤ አባታችን ሸማ ሥራ ያስተማረው ዳልጮ። ሲጠጣ እናታችንን ይሰድባል፣ የቤቱን ቆርቆሮ በድንጋይ ይደበድባል። ስካሩ ሲበርድለት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

እንደምታውቀው እኔ ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ክፍል ነኝ። ስድብ፣ ጩኸት፣ ድንጋይ ውርወራ ሁሉ "የሕዝብን ሰላም ማወክ" በሚለው ረድፍ ይገባል። በየወሩ ደምሬ ወደ ዞን እልካለሁ፤ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከዚያም የአገሪቱ አኃዝ ውስጥ ይገባል። እናታችን ሰባት ጊዜ አመለከተች፤ ሰባቱንም በእጄ መዘገብኩ። ሰባቱንም ጊዜ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው ተንበረከኩላት፤ በዱቡሻው፣ በሰፈሩ ሸንጎ፣ ዳልጮ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀ፣ እሷም ማረችው። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባባ ክብሩ፣ ቢሮዬ ይመጣሉ። "ልጄ፣ እርቅ የወረደበትን ነገር ጽፎ ማቆየት ቂም መያዝ ነው" ይላሉ። እኔም እሰርዛለሁ። የእኛን ሽማግሌ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠርቶ አንድ ወረቀት አሳየኝ። ሰፈራችን ያለችው የፖሊስ ኬላ ልትነሣ ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ አንድም አቤቱታ የለም ይላል። "ለዚህ ወር አንድ እንኳ ቢኖር እከራከርበት ነበር" አለኝ። ያንን ዜሮ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይኸው በዚያው ሳምንት እናታችን ጓሮ ሙዝ ስትቆርጥ ድንጋይ ትከሻዋን መታት። አጥንት አልሰበረም፣ ግን እስካሁን ነጠላዋን በአንድ እጇ ነው የምትለብሰው። ስምንተኛውን መዘገብኩ። በሦስተኛው ቀን ታረቁ። በዚህ ጊዜ አባባ ክብሩ አልመጡም፤ እናታችን ራሷ በዚያ ፀሐይ በእግሯ መጥታ፣ ወንበር ስሰጣት እንኳ ሳትቀመጥ "ሰርዢው" አለችኝ።

አልሰርዝም አልኳት።

"እኔ የተውኩትን አንቺ ለምን ትይዢብኛለሽ?" ብላኝ ወጣች። ወንድሜ፣ ዳልጮን ማሳሰር አልፈልግም፤ ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። ኬላዋ ከተነሣች ግን የሚቀጥለው ድንጋይ ሲመጣ ስትጮህ የሚደርስላት ሰው የላትም። ደክሞኛል። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጥል እጽፋለሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ እናታችን እራቴን ከድና ታስቀምጥልኛለች እንጂ አታናግረኝም። አንተ ስትደውልላት ሁልጊዜ "ሰላም ነን ልጄ" ትልሃለች። ያም እኔ እንደምጽፈው ዜሮ ነው፤ ዝም ብለህ አትቀበላት፣ ትከሻሽስ በላት።

የኅዳርን ሪፖርት ዛሬ ላክሁ። በሰፈራችን ረድፍ አንድ ይላል። ያቺ አንድ እናታችን ናት።

ኖላዊትን በርቺ በልልኝ፤ ባርኮትን ጉንጩን ሳምልኝ። እህታችን ኢየሩስ ከነልጆቿ ትናፍቅሃለች፤ አባባ ክብሩም ሰላም ብለውሃል። የእናታችንን ሰላምታ እስከ ዛሬ እሷ እየነገረችኝ ነበር የምጽፍልህ። ዛሬ ሳትነግረኝ ጽፌዋለሁ፤ እንደምትወድህ ስለማውቅ።

እህትህ አቢጋኤል
አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.