ቀይ ምልክት የነበረበት ባልዲ

ጥር 16፣ ሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት
ደግሞ ሸተተኝ። ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አሁንም ይሸታል። ማዋለጃ ክፍሉን ነው የምልህ፣ ደብተሬ። ጦሩ ሲሰፍርበት ሽንት ቤት አድርገውታል። ግድግዳውን በቢላ እየፋቅሁ ነው። አፍንጫዬን በሻሽ አስሬያለሁ። ቁርስ አልበላሁም፤ ብበላም አይረጋልኝም።

ሳውዲ አምስት ዓመት ሆስፒታል አጽድቻለሁ። እዚያ የሽንት ቤት መወልወያ ሌላ፣ የማዋለጃ ሌላ። እዚህ ጤ/ጣቢያ አንድ ለሁሉም! እህቴ ሰዓዳ ደግሞ በዚህ ሳምንት እዚሁ ትወልዳለች። ሥራውንም የያዝኩት ለዚህ ነው፤ እሷ የምትተኛበትን ክፍል ለሰው እጅ አላምንም።

በሩ ላይ ዓሣ የሚሸጡት አንጀቱን መሬት ይጥሉታል። ዝንቡ ከዚያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደኛ መስኮት። መስታወት የለማ። ቱ!

ከሰዓት 9
አዋላጇ ሲ/ር ስለ ባልዲ ታስረዳኛለች። ሁሉ ተዘርፎ ሁለት ብቻ አሉ፣ ሁለቱም ነጭ። ቀይ ምልክት ያለበት የደምና የእንግዴ ልጅ ነው፣ ከክፍሉ አይውጣ አለች። እሺ፣ እሺ አልኳት። ለቀባሪው አረዱት!

ጥር 17፣ ማክሰኞ። 4 ሰዓት
ያ ባልዲ አስጠላኝ። ጎኑ ላይ ቀይ የደረቀ ነገር አለ። ደም መሰለኝ። በሽቦ ፈገፈግሁት። ግማሹ ከተነሣ በኋላ ነው የሲ/ር ምልክት መሆኑ የገባኝ። ተውኩት? አልተውኩም። ደም የሚመስል ቀለም ምን ያደርጋል? ጭራሽ አጠፋሁት። በረኪናው ወለሉ ላይ አለቀ፤ በኦሞ ሦስት ጊዜ አጠብኩትና ጓሮ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። እንዴት ያበራል! በዚህ ግቢ ንጹሕ ነገር እሱ ብቻ ነው። ኮራሁ።

ጥር 18፣ ረቡዕ። 6 ሰዓት
ወለደች! ሴት። አልሀምዱሊላህ! እያማጠች እንኳ ክፍሉ ኦሞ ኦሞ ይላል ብላ ትቀልድብኛለች። ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ከሷ በፊት ከአምባሰል የመጣች ሴት ወልዳለች። የሁለቱንም እንግዴ ልጅ በባልዲው ተሸክሜ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩ። ባልዲውን በኦሞ አጥቤ እዚያው ጓሮ ደፋሁት።

10 ሰዓት
እትዬ ዘውዴ መጡ። የሰፈሩ እናት ናቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ለወለደች ሁሉ፣ እስላም ትሁን ክርስቲያን፣ እዚሁ ጓሮ አብሽ በጥብጠው ያጠጣሉ። ሰዓዳ አልጋዋ ላይ ሆና ሁለት ኩባያ ጠጣች። የአምባሰሏም። እኔም። ከቁርስ ጀምሮ ሆዴ የተቀበለው እሱን ብቻ ነው።

ጥር 19፣ ሐሙስ። ጠዋት 2
ሰዓዳ ስታስመልስ አደረች። ተቅማጥ፣ ትኩሳት። የአምባሰሏም እንደዚሁ። እኔንም ይቆርጠኛል። ሲ/ር ምን በሉ ትላለች።

ጓሮ ወጣሁ። እትዬ ዘውዴ የአብሹን ዕቃ ያጥባሉ። ባልዲው ነው። ያ ባልዲ። ጠርዙ ላይ ቢጫው አብሽ ደርቋል። በምን በጠበጡት አልኳቸው፣ እያየሁት።
“ማሰሮዬ ተሰበረብኝ፣ ጦይባዬ። ዞር ብዬ ባይ ከዚህ ግቢ ንጹሑ እሱ ነበር” አሉኝ።
እዚያው አስመለስኩ።

8 ሰዓት
ሲ/ር አብሹ በምን እንደተበጠበጠ ሰማች፤ እትዬ ዘውዴ ላይ ጮኸች። ሰው ሊገድሉ ነበር፣ ሁለተኛ ከበሩ እንዳያልፉ አለች። ቀዩ ምልክት አልታይ ብሏቸው ነው? ብላ ባልዲውን አገላብጣ አየችው። ምልክት የለም። በአሸዋ ፈግፍገው ያጠፉት እሳቸው ናቸው ብላ ደመደመች። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ምንም ቀይ አላየሁም፣ ግን ዐይኔ ደክሟል፣ ይሆናል አሉ። ይሆናል! ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

እኔ መወልወያዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብዬ ወለሉን ወለወልኩ። ይኸው፣ ጽፌዋለሁ።

ጥር 20፣ ዓርብ። ጠዋት 2
የሰዓዳ ትኩሳት ወረደ። ሕፃኗ ትጠባለች። የአምባሰሏም ቀና ብላለች። ሰዓዳ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እትዬ ዘውዴ የት ቀሩ ነው። አንሶላዋን ልቀይር ተነሣሁ።

እጄን እያጠብኩ ነው። አራት ጊዜ ታጠብኩ። ዓሣ ሻጮቹን ጠላሁ፣ ጦሩን ጠላሁ፣ ያገሬን ሰው ሁሉ ቆሻሻ አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ዛሬ የምጸየፈው ራሴን ነው።

ከሳውዲ ያመጣሁት ቀይ የጥፍር ቀለም ነበረኝ፣ ለዒድ ያስቀመጥኩት። በባልዲው ዙሪያ ቀባሁት። ጠርሙሱ አለቀ።

2፡40
በመስኮቱ ይታዩኛል። እትዬ ዘውዴ ከበሩ ውጭ፣ ከዓሣው አንጀት አጠገብ ቆመዋል። አይገቡም። ዘበኛውን ሰዓዳ ተሻላት ወይ ይሉታል። ሌላ ማሰሮ ይዘዋል፣ አዲስ።

ሲ/ር መጣች። እትዬ ዘውዴ ጎንበስ ብለው ሰላም አሏት። አልፋቸው ልትገባ ነው። ሥራውን ታስለቅቀኝ። ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። እዚያው በሩ ላይ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ ምልክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት።