ልብሱን ካስገባን በኋላ

ልጄ ዴልፊና፣ ባሕር ማዶ ያለሽባትን ቫሌንሲያን ፈጣሪ የሰላም አገር ያድርግልሽ፤ የያዝሽውንም ፅንስ ይጠብቅልሽ። እዚህ ኮርዶባ የአኩሪ አተር እርሻው ጓሯችን ደርሷል። አባትሽ "ከርሞ አልጋችን ሥር ይዘሩታል" ይላል። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፤ እሱም እንደ ዶሮዎቹ ነው።

አረም ማጥፊያ የሚረጨው ኢላሪዮ ዛሬም ጨዋ ነው። ሊረጭ ሲል ጥሩምባውን ነፍቶ፣ "እትዬ ኦፌሊያ፣ ልብስዎን ያስገቡ!" ይለኛል። አንቺን ሳረግዝም እንዲሁ ነበር። ልብሱን አስገብቼ፣ በረንዳው ላይ ከአባትሽ ጋር የማቴ ሻያችንን እየጠጣን ሲረጭ እናያለን።

በቀደም ከዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መጥተው የጉንጫችንን ውስጥ በጥጥ ጠርገው ለምርመራ ወስደው ነበር። ውጤቱን ያመጣችው ሐኪም፣ "እትዬ፣ የሴሎችዎ ዘረ መል ተጎድቷል፤ እርሻው ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነገር ያሠጋናል" አለችኝ።

"ልብሴስ?" አልኳት። አልሳቀችም።

ለመውለድ እመጣለሁ ስላልሽ ክፍልሽን ቀለም ቀብተነዋል፤ መስኮቱ ግን አሁንም የሚከፈተው ወደ እርሻው ነው። እባክሽ ልጄ፣ አትምጪ። እኔ መጥቼ አርስሻለሁ። ሕፃኑን ሳቅፈውም አትስጊ፤ ልብሴ ንጹሕ ነው፤ እሱን እንኳ ሁልጊዜ አስገባዋለሁ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እናትሽ ኦፌሊያ